በመኪና ላይ የድምፅ ማጉያ በተጫነ ጊዜ ስለሚደርሰው የኤሌክትሪክ መድከምና ምክንያቱን ስለ መመርመር

ለክቡራን የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ እንዲሁም መኪና ላላቸው ባለ ይዞታዎች

ቀድሞ አዋጅ የሚነገረው በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ ነበር። ገበያ ሕዝቡ ከየአጥቢያው ለመሸጥና ለመግዛት የሚሰበሰብበት ስፍራ ስለ ሆነ፣ በቀትር የተነገረው ቃል ማታ በየጎጡ ይደርስ ነበር። ዛሬ በነጋሪቱ ፈንታ የድምፅ ማጉያ ገብቷል፤ ገበያው ግን ያው ገበያ ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳ፣ በቡሬ፣ በጅጋና በሽንዲ የከብት ክትባት ቀን ወይም የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ማከፋፈያ ጊዜ ለገበሬው ፈጥኖ እንዲደርስ ሲፈለግ፣ በመኪና ላይ ሞንታርቦ ጭኖ እየዞሩ መናገር እስካሁን የታመነ መንገድ ነው። ሬዲዮም ስልክም መኖሩን አንዘነጋም፤ ነገር ግን በገበያ የተነገረውን ቃል ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ ስለሚሰማው፣ አልሰማሁም የሚል ሰው አይገኝም። በ2009 ዓ.ም. የበቆሎ መጤ ተምች ወደ አገራችን በገባ ጊዜ እንደ ታየው ደግሞ፣ አንዳንድ ወሬ ሦስት ቀን ከዘገየ ጥቅም የለውም።

ስለዚህ የመኪና ኤሌክትሪክ ነገር የመካኒክ ሥራ ብቻ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም። የባትሪ መግዣ የሚፈርመው ኃላፊው ነውና የሚፈርምበትን ነገር ሊያውቅ ይገባዋል። በብዙ ስፍራ እንዳየነው፣ የድምፅ ማጉያ የተጫነበት መኪና አልነሣም ባለ ቁጥር የሚቀርበው ማመልከቻ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም «ባትሪው ስለ ሞተ አዲስ ይገዛልን» የሚል ነው። ኃላፊው ይፈርማል፤ ባትሪው ይገዛል፤ መኪናው ጥቂት ወራት ይሠራል፤ ከዚያም ያው ማመልከቻ ይመለሳል። አራት ወይም አምስት ዓመት ያገለገለ ባትሪ ቢሞት የሚያስገርም አይደለም። በአንድ ዓመት ሦስት ባትሪ ከሞተ ግን ገዳዩ ሌላ ነው፤ ገዳዩ ሳይያዝ ሟቹን ብቻ መተካት የመንግሥትን ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

እኛው ራሳችን የደረስንበትን አንድ ነገር እናስረዳ። የመሥሪያ ቤቱንና የሰዎቹን ስም መጥራት አያስፈልግም። መኪናዋ ባለ 12 ቮልት ፒክአፕ ናት፤ ከጣራዋ ላይ ጡሩምባ የሚመስሉ ሁለት ድምፅ ማውጫዎች ታስረዋል፤ ከወንበሩ ኋላ ባለ 300 ዋት አምፕሊፋየር ተቀምጧል። ወደ ማንኩሳ ገበያ የሄደችው የከብት ክትባት ለማስታወቅ ነበር፤ በጭነቷም ውስጥ በበረዶ የተከበበ የአባ ሰንጋ ክትባት ነበረ። ይህ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኃይሉን እንደሚያጣ የታወቀ ነው።

ተናጋሪው በጀመረ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። ቃሉን ከፍ ባደረገ ቁጥር አምፕሊፋየሩ ይጠፋና ተመልሶ ይበራል። «ነገ ጠዋት ከብቶቻችሁን» የሚለው ይወጣል፤ የቀበሌው ስም ሲጠራ ግን ድምፁ ይዋጣል። ስለዚህ ገበሬው ከብቱን ወዴት እንደሚያመጣ ሳይሰማ ቀረ። ወደ ማታ ሾፌሩ ቁልፉን ቢያዞር ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም አለ፤ መኪናዋን ገበያተኛው ገፍቶ አስነሣት። በዚያ ዓመት ለዚህች መኪና የተገዛው ባትሪ ሦስተኛው ነበር፤ አራተኛው እንዲገዛም ማመልከቻው ተጽፎ አልቆ ነበር።

የኤሌክትሪክ ግፊት እንዴት እንደሚወድቅ

ውኃ በሞተር እየሳበ በረጅም ጎማ ወደ አትክልቱ የሚወስድ ገበሬ ያየ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ያስተውለዋል። የጎማው ጫፍ ተዘግቶ ውኃው ሲቆም ግፊቱ ከመነሻው እስከ መድረሻው እኩል ነው፤ ጎማው መካከል ላይ ቢታጠፍ ወይም በደለል ቢጠብ እንኳ አይታወቅም። ጫፉ ተከፍቶ ውኃው ሲፈስ ግን ከጠባቡ ስፍራ ወዲያ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ ውኃውም እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ቮልት የሚባለው ግፊቱ ነው፤ አምፔር የሚባለው የሚፈሰው ብዛት ነው፤ ኦም የሚባለው ደግሞ የመንገዱ ጥበት መለኪያ ነው። ይህ የመጨረሻው ስም የተወሰደው በ1827 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሦስቱን ዝምድና በመጽሐፍ ካሳተመው ከጀርመናዊው ከጌዮርግ ሲሞን ኦም ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ በመንገድ የሚጠፋው ቮልት የሚፈሰው አምፔር በመንገዱ ኦም ሲባዛ የሚገኘው ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ብዙ መካኒኮች ስለሚዘነጉት ጠንከር አድርገን እንናገራለን። ኤሌክትሪክ በማይፈስበት ጊዜ የተደረገ ልኬት የታመመውን ስፍራ አያሳይም። አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ ሳለ ገመዱን ለክቶ «12.5 ቮልት አለ፤ ገመዱ ደኅና ነው» ማለት፣ የተዘጋ ጎማ ጨብጦ ጎማው አልታጠፈም እንደ ማለት ነው። ከብዙ ቀጫጭን ክሮቹ አንዱ ብቻ ሳይበጠስ የቀረ ገመድ በእንዲህ ያለ ልኬት ከአዲስ ገመድ አይለይም።

ሁለተኛው የሚዘነጋው ነገር መመለሻው ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ ወደዚያው ባትሪ ካልተመለሰ ሥራ አይሠራም። በመኪና ላይ ብዙውን ጊዜ መመለሻው ገመድ ሳይሆን የመኪናው ብረት ራሱ ነው፤ ይህንንም ባለሙያዎች ማሳ ይሉታል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው እንጂ ከገበሬው ማሳ ጋር ዝምድና የለውም። የድምፅ ማጉያ የሚገጥሙ ሰዎች ቀዩን ገመድ በጥንቃቄ ከባትሪው ድረስ ይዘረጉታል፤ ጥቁሩን ግን ባገኙት ብሎን ሥር ወትፈው ይሄዳሉ። በእኛ ልምድ ከበሽታው የሚበዛው የሚገኘው ከዚህ ከጥቁሩ ገመድ ነው።

ልኬቱ እንዴት እንደሚደረግ

የሚያስፈልገው መሣሪያ ቴስተር የሚባለው ትንሽ መለኪያ ነው፤ ዋጋው ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በቡሬም በፍኖተ ሰላምም ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ይገኛል። እያንዳንዱ መኪና ያለው ጽሕፈት ቤት አንድ ቢኖረው መልካም ነው።

በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ባደረ መኪና ላይ የባትሪው ግፊት ይለካል። የቴስተሩ ሁለት ጫፎች የሚነኩት የባትሪውን የእርሳስ ራሶች ነው እንጂ በላያቸው የታሰረውን መያዣ አይደለም። 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.4 ከሆነ ሦስት ሩብ ያህል አለው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ 12.0 ከሆነ የቀረው ከሩብ የማይበልጥ ነው። ሰዎች ብዙውን ጊዜ «12 ቮልት አለው» ብለው ደስ ሲላቸው ይታያል፤ ለባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.0 ማለት ግን የረኃብ ምልክት ነው። ስድስት ክፍሎች ስላሉትና እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፣ የጤንነቱ ቁጥር ከ12 በላይ መሆን አለበት።

ከዚህ በኋላ አምፕሊፋየሩ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ መለካት ያስፈልጋል። የሰው ንግግር ከፍና ዝቅ ስለሚል ቁጥሩን ያወዛውዘዋል። ለቅስቀሳ የሚሠሩ ብዙ አምፕሊፋየሮች ሳይረን የሚያሰማ ቁልፍ አላቸውና እርሱን መጠቀም ይሻላል፤ ድምፁ አንድ ወጥ ስለ ሆነ ልኬቱ አይዋልልም። ይህ ሥራ በትምህርት ቤት ወይም በችሎት አጠገብ ባይደረግ እንመክራለን፤ አንድ ጊዜ አድርገነው ያገኘነው ተግሣጽ ይበቃናል።

ሳይረኑ እየጮኸ አራት ልኬት ይወሰዳል። የባትሪው ግፊት በባትሪው ራስ ላይ ይለካል፤ ቀጥሎ ለአምፕሊፋየሩ የሚደርሰው ግፊት በአምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ ይለካል። በሦስተኛው ረጅም ሽቦ ተቀጥሎ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ፣ ሌላው በአምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ መግቢያ ላይ ይደረጋል፤ የሚታየው ቁጥር በቀዩ ገመድ መንገድ ላይ የጠፋው ነው። አራተኛውም እንዲሁ በኔጌቲቩ በኩል ከባትሪው ራስ እስከ አምፕሊፋየሩ መግቢያ ይለካል፤ ይህ ደግሞ በመመለሻው ላይ የጠፋው ነው። የሦስተኛውና የአራተኛው ድምር በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ካለው ልዩነት ጋር እኩል መሆን አለበት። ካልተገጣጠመ ልኬቱ ተሳስቷልና ይደገም።

በማንኩሳ ገበያ በቆመችው መኪና ላይ ባትሪው በማግስቱ ተሞልቶ ሲለካ ቁጥሩ እንዲህ ሆነ። ሥራ ሳይጀመር 12.5 ቮልት ነበር። ሳይረኑ ሲጮኽ ባትሪው 12.1 ላይ ጸና፤ አምፕሊፋየሩ ዘንድ የደረሰው ግን 10.3 ብቻ ነበር። የሚፈሰው 28 አምፔር ነበር። እንግዲህ 1.8 ቮልት በመንገድ ጠፍቷል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ በቀዩ ገመድ ላይ የጠፋው 0.5 ሲሆን፣ በመመለሻው ላይ የጠፋው 1.3 ሆኖ ተገኘ። ባትሪው 12.1 ላይ መጽናቱ ለድምፁ መቆራረጥ ጥፋተኛው እርሱ እንዳልነበረ ያሳያል።

በእንዲህ ያለ ሥራ በአንድ ወገን እስከ 0.2 ቮልት ቢጠፋ የሚታለፍ ነው፤ የሁለቱ ወገን ድምር ከ0.5 ካለፈ ግን ምክንያቱ ይፈለግ። አፈላለጉም ቀላል ነው። የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ራስ ላይ እንደ ጸና፣ ሌላው ጫፍ ከመጋጠሚያ ወደ መጋጠሚያ ይራመዳል፤ ከራሱ ወደ መያዣው፣ ከመያዣው ወደ ገመዱ፣ ከፊውዙ ወዲህና ወዲያ፣ ከብሎኑ ወደ ብረቱ። ቁጥሩ ድንገት የዘለለበት ስፍራ ሕመሙ ያለበት ስፍራ ነው። የእኛው ቁጥር የዘለለው ከአንዲት ብሎን ላይ ነበር። ጥቁሩ ገመድ የታሰረው ከጭነቱ ሳጥን ቆርቆሮ ላይ ሲሆን፣ ቀለሙ ሳይፋቅ ብሎኑ በላዩ ተጠብቆበታል፤ ከሥሩም የመንገዱ ቀይ አቧራና የክረምቱ ጭቃ ገብቶ ዝጓል። የጭነት ሳጥኑ ራሱ ከሻሲው ጋር የሚገናኘው በዛገ ብሎን ነበር። ኤሌክትሪኩ እንዲመለስ የተሰጠው መንገድ ይህ ነበር።

ስለ ገመድ ውፍረት

ቀዩ ገመድ ላይ የጠፋው 0.5 ቮልት ግን ከዝገት የመጣ አይደለም፤ ገመዱ ቀጭን ስለ ሆነ ነው። አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ 0.0175 ኦም ያህል አለው። ርዝመቱ ሲጨምር ኦሙ ይጨምራል፤ ውፍረቱ ሲጨምር ይቀንሳል። የዚያች መኪና ገመድ 4 ሜትር ርዝመትና 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረውና ኦሙ 0.0175 ሆነ፤ በ28 አምፔር ሲባዛ 0.49 ቮልት ይመጣል። ያው ርዝመት በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ቢዘረጋ የሚጠፋው 0.12 ቮልት ብቻ ነው። የጠፋው ኃይል ደግሞ በከንቱ አይቀርም፤ ገመዱን ያሞቀዋል። 28 አምፔር ሲፈስ በመንገድ 1.8 ቮልት ከጠፋ፣ 50 ዋት ያህል ሙቀት በገመዱና በብሎኑ ላይ ይወጣል። የሞቀ ገመድ ልባሱ ይቀልጣል፤ ከወንበሩ ስፖንጅ በታች ከሆነም የእሳት መነሻ ይሆናል።

ስለ ገመድ አንድ ነገር እንጨምር። በገበያ የሚሸጥ አንዳንድ ገመድ ከላይ ወፍራም ይመስላል እንጂ ውስጡ ሲታይ ከመዳቡ ልባሱ የሚበዛ ነው፤ አንዳንዱም መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ይህ ደግሞ በዚያው ውፍረት ከመዳብ የበለጠ ኦም አለው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ጫፉን ልጦ ማየትና ክሩን በምላጭ ፋቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከቀይ ሥር ነጭ ከታየ መዳብ አይደለም።

ሁለተኛው በሽታ

ለአምፕሊፋየሩ ከባትሪው ኔጌቲቭ ድረስ የራሱ መመለሻ ገመድ ከተዘረጋለትና ሁለቱም ገመዶች በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር ከተተኩ በኋላ፣ በሁለቱ ወገን የጠፋው 0.3 ቮልት ብቻ ሆነ፤ ድምፁም መቆራረጡን ተወ። ሁላችንም ሥራው አለቀ ብለን ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን መኪናዋ እንደ ገና አልነሣም አለች።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ የድምፅ መቆራረጥና የባትሪ መሞት አንድ በሽታ መስለው ቢታዩም ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ሊሆኑ መቻላቸው ነው። የመጀመሪያው የመንገድ ጥበት ነው፤ ሁለተኛው በሌሊት የሚፈስ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን ለማግኘት መኪናው ተቆልፎ ከቆየ በኋላ የባትሪው ኔጌቲቭ መያዣ ይፈታና ቴስተሩ በአምፔር መለኪያው ላይ ተደርጎ በባትሪው ራስና በተፈታው መያዣ መካከል ይገባል። በዚህ ጊዜ ሞተሩን ለማስነሣት ወይም መብራቱን ለማብራት መሞከር አይገባም፤ የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል። ጤነኛ መኪና የሚያፈሰው ከ0.05 አምፔር እንዳይበልጥ ይጠበቃል። እኛ ያገኘነው 0.8 አምፔር ነበር። ፊውዞቹ አንድ በአንድ ሲነቀሉ የአምፕሊፋየሩ በተነቀለ ጊዜ ቁጥሩ ወደቀ። ምክንያቱም አምፕሊፋየሩን የሚያስነሣው ቀጭን ሽቦ ከቁልፉ ኋላ መቀጠል ሲገባው በቀጥታ ከባትሪው ጋር ተቀጥሎ ነበር። ድምፅ ባይሰማም አምፕሊፋየሩ ቀንና ሌሊት ነቅቶ ይውልና ያድር ነበር።

ሒሳቡን እንመልከት። ከዓርብ ማታ 12 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት 62 ሰዓት ነው፤ በ0.8 ሲባዛ 50 አምፔር ሰዓት ያህል ይሆናል። የዚያች መኪና ባትሪ በሙሉው 70 አምፔር ሰዓት ነው። ለሰኞ የተረፈላት ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢው ያሰላዋል። ከዚያ በኋላ ተገፍታ ተነሥታ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ድረስ ብትሄድ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ የግማሽ ሰዓት ጉዞ ዲናሞው ሊመልስላት የሚችለው 15 አምፔር ሰዓት ቢሆን ነው። ገበያ ስትደርስ ሞተሯ ይጠፋና የድምፅ ማጉያው እንደ ገና ከባትሪው ይበላል። እንዲህ እየተራበ የሚኖር ባትሪ ሰሌዳዎቹ በጠጣር የእርሳስ ጨው ይሸፈናሉ፤ ያ ጨው ከቆየ በኋላ ኃይል ቢሞላም አይመለስም። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የእርሳስ ባትሪን በ1859 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሠራ ወዲህ ብዙ ነገር ቢሻሻልም፣ ይህ ጠባዩ አልተለወጠም። በዚያ ዓመት የተገዙት ሦስቱ ባትሪዎች የሞቱት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ከፋብሪካ ሲወጡ ጉድለት አልነበረባቸውም።

ስለ ዲናሞና ሞተሩ ጠፍቶ ስለ መናገር

ዛሬ ባለሙያዎች በልማድ ዲናሞ የሚሉት ኦልተርኔተሩን ነው። ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መገኘት አለበት። የፊት መብራቱና የድምፅ ማጉያው በርተው ግፊቱ ከ12.8 በታች ከወረደ ዲናሞው የሚወጣውን መሸፈን አልቻለም፤ ጉድለቱን የሚከፍለው ባትሪው ነው። ዲናሞ በላዩ የተጻፈውን አምፔር የሚሰጠው ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ነው፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የሚሰጠው ከግማሽ ሊያንስ ይችላል። ቺንጋው ከላላ ወይም ዘይት ከነካውም ይንሸራተትና ግፊቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ዲናሞ ይፈታ ከመባሉ በፊት ቺንጋው ይታይ።

በገበያ ላይ ቆሞ መናገር ግዴታ ከሆነ ሁለት ነገር ይቻላል። ወይ ሞተሩ እየሠራ ይነገር፤ ወይ ለድምፅ ማጉያው ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ከመጀመሪያው ባትሪ በሚለየው ሪሌ በኩል ይገጠም። በሁለተኛው መንገድ ቢያንስ መኪናው ክትባቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ስለ ጭነት መኪናዎች

ቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ በመሆኗ፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም በዚያ ስላለ፣ በቆሎና በርበሬ የሚጭኑ ባለ 24 ቮልት መኪናዎች በዚህ አገር ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው የሚሠሩ ናቸው። ሾፌሩ ባለ 12 ቮልት ቴፕ ሲገዛ ገጣሚው ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ይቀጥልለታል። ቴፑ ይሠራል፤ ዘፈኑም ይሰማል። ዲናሞው ግን የሚያየው የሁለቱን ድምር ብቻ ነው። ድምሩ 28 ቮልት እስኪደርስ ይሞላል፤ የተበላው ባትሪ 13 ላይ ሲቀር ያልተበላው 15 ይደርሳል። አንዱ በረኃብ ይሞታል፤ ሌላው ውኃው ፈልቶ ያልቃል። ባለ መኪናው አንዱን ብቻ ቢቀይር አዲሱ በአሮጌው ጠንቅ ቶሎ ይከተለዋል። ይህን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ እያንዳንዱን ባትሪ ለብቻው መለካት ይበቃል፤ ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቴፑ ነው። መድኃኒቱም ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መለወጫ ገዝቶ ከሁለቱ ባትሪዎች ድምር ማቀጠል ነው።

ስለ ጥንቃቄ

የባትሪ ሥራ ሲሠራ አስቀድሞ የሚፈታው ኔጌቲቩ ነው፤ በመጨረሻ የሚታሰረውም እርሱ ነው። ከባትሪ የሚወጣው አየር ስለሚፈነዳ በአጠገቡ ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው። በራሶቹ ላይ የሚታየው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሙቅ ውኃ በሟሟ ሶዳ ታጥቦ፣ ከደረቀና ከታሰረ በኋላ በስሱ ግሪስ ይቀባ። ፊውዝ ከባትሪው ራስ ከአንድ ስንዝር ባልራቀ ስፍራ ይግባ፤ ለ16 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና ለእንዲህ ያለ አምፕሊፋየር 40 አምፔር ይበቃል። ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ መኪናን እስከማቃጠል ያደርሳልና ሾፌሮች በብርቱ ይከልከሉ።

አንዳንድ አዛውንት መካኒኮች ዲናሞው መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን መያዣ ያነሣሉ። ይህ በአሮጌው ዘመን መኪና ላይ ብዙ አይጎዳም ነበር፤ ዛሬ ግን ግፊቱ ድንገት ዘልሎ የዲናሞውን ዳዮዶችና የመኪናውን ኮምፒውተር ያበላሻል። ቴስተር ባለበት ይህ ሙከራ አያስፈልግም። ካፓሲተር ከገጠማችሁ ባትሪ አይደክምም የሚሉ ሻጮችም አሉ። ካፓሲተር ለቅጽበት የሚሆን ኃይል ያጠራቅማል እንጂ አዲስ ኃይል አይወልድም፤ የዛገ ብሎንንም አይጠግንም።

ለባትሪ መግዣ የሚቀርብ ማመልከቻ ከእንግዲህ ስድስት ቁጥር ይዞ እንዲቀርብ ኃላፊዎች ቢያዝዙ ተገቢ ነው። እነርሱም ባትሪው አድሮ የተለካው ቮልት፣ ሞተሪኖው ሲዞር የታየው ዝቅተኛው ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ የተገኘው ቮልት፣ በቀዩ ገመድና በመመለሻው ላይ የጠፋው ቮልት፣ መኪናው ተቆልፎ ሳለ የሚያፈሰው አምፔር ናቸው። ባትሪው በሚገባ ተሞልቶ አድሮ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ፣ የቀሩትም ቁጥሮች ደኅና ከሆኑ፣ ባትሪው በእርግጥ አርጅቷልና ግዥው ይፈቀድ። የፒክአፗ አራተኛ ማመልከቻ ከስድስቱ ቁጥር ጋር በቀረበ ጊዜ የመመለሻው ቁጥር 1.3፣ የሌሊቱ ቁጥር 0.8 ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ስለዚህ ባትሪው ቀርቶ 8 ሜትር ገመድ፣ አንድ ፊውዝና አራት መጋጠሚያ ተገዛ፤ የማስነሻው ሽቦም ከቁልፉ ኋላ ተቀጠለ።